የጠዋቱ ሽያጭ ለምን በትናንት ቀን ይመዘገባል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባና አዳማ ሁለት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቆች አሉን። ሽያጭና ክምችት የምንመዘግበው በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በሚሠራ ሶፍትዌር ነው፤ አካውንቱን የከፈተልን ካሊፎርኒያ የሚኖረው ወንድሜ ነው። የሶፍትዌሩ የቀን ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት (ማሽኑ በየቀኑ መዝጊያ ከሚያወጣው የሽያጭ ማጠቃለያ) ጋር አልገጥም ብሎናል። በመስከረም እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት የተሸጠው፣ አሁን በታኅሣሥ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት የተሸጠው በትናንት ቀን ይመዘገባል። አዳማ ኢንተርኔት በተቋረጠ ዕለት ጭራሽ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ያለው ወደ ትናንት ይሄዳል። አንድ ባለሙያ ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አድርጓል፤ የአዳማውንም ሰዓት ለገንዘብ ተቀባይዋ እንዲመች በሐበሻ አቆጣጠር አድርጎታል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ከ4 ወደ 5 ሰዓት መዛወሩን ሳነብ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ተውኩት። ወንድምዎ አካውንቱን ሲከፍት ሶፍትዌሩ የካሊፎርኒያን የሰዓት ክልል ይዞ ቀርቷል።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የሽያጩን፣ የክምችቱንና የደንበኞችን መዝገብ በኤክሴል አውጥተው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የክላውድ ሶፍትዌር ሽያጩን የሚመዘግበው ዩቲሲ በሚባለው የጋራ ሰዓት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ካሊፎርኒያ ግን በሙቀቱ ወራት 7፣ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ከእኛ ጋር ያላት ልዩነት አንዴ 10፣ አንዴ 11 ሰዓት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ በፊት የተሸጠ ደብተር ሁሉ በእነሱ ቀን ገና የትናንት ነው። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት መገባደጃ ላይ ነው። የእርስዎ ሪፖርት የተዛወረው ያኔ ነው። በማርች ሁለተኛ እሑድ ደግሞ ወደ 4 ሰዓት ይመለስ ነበር።

አዳማ ላይ የተደረገው ግን ያናድዳል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ የሚያምነው የሱቁን ኮምፒውተር ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ተጎትቷል። 5 ላይ 6 ሲደመር 11፤ የእርስዎ 11 ሰዓት ይኸው ነው። የሐበሻ ሰዓት የሚያስፈልጋት ሠራተኛ ግድግዳ ላይ ሰዓት ይሰቀልላት። ፎርማት ማድረጉም ከንቱ ድካም ነው፤ የኩባንያው ቅንብር ያለው ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሠራበት የሩቅ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሥራውን ሁለቱም ሱቆች ከተዘጉ፣ አዳማ ላይ ያልተላከ ሽያጭም ተልኮ ካለቀ በኋላ ይጀምሩ። ቅጂው መውጣቱን ደግመው ያረጋግጡ፤ ፋይሉን ከፍተው ይዩት። ከዚያ በኩባንያው ቅንብር የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርጉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ካጡት ናይሮቢ ያው ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ቅንብር ስላላቸው የሁሉንም ሠራተኛ አንድ በአንድ ይለውጡ። የአዳማው ዊንዶውስ ላይም ናይሮቢን መርጠው ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ማብሪያ ይመልሱ።

መብራት በጠፋ ቁጥር የዚያ ኮምፒውተር ቀን ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ሞታለች። ገመዱን ነቅለው ይቀይሯት። በጅምላ ካርቶን የሚሸጡትን ርካሽ ባትሪዎች አይግዙ፤ ወራት ሳይቆዩ ይደክማሉ፣ እርስዎም እንደገና ሶፍትዌሩን ይጠረጥራሉ።

በኢንተርኔት የተመዘገበው የድሮ ሽያጭ ሪፖርቱን እንደገና ሲያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ቀኑን ይዞ ይመጣል። አዳማ ያለ ኢንተርኔት የመዘገበችውና የተዘጋ የሂሳብ መዝገብ ግን በራሱ አይስተካከልም። የወሩ 1 ቀን ጠዋት ሽያጭ ከነ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ባለፈው ወር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዜድ ሪፖርቶቹን ይዘው ከሂሳብ ባለሙያዎ ጋር ያስተያዩት። አንድም ሽያጭ እንዳይሰርዙ፤ ቅጂ ሳይኖርዎት ደግሞ ቀን እንኳ እንዳይነኩ።

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ እስክሪብቶ ይሽጡና የተመዘገበበትን ቀንና ሰዓት ይዩ። ከዚያ አዳማ ላይ ኢንተርኔቱን አቋርጠው ሌላ ይሽጡ፣ መልሰው ያገናኙትና የእሱንም ቀንና ሰዓት ይዩ። የመጀመሪያው ከተሳሳተ ያልተለወጠ ተጠቃሚ አለ፤ ሁለተኛው ብቻ ከተሳሳተ የኮምፒውተሩን ሰዓት እንደገና ይፈትሹ።