በ20 ኪሎዋት ሰዓት ያጣናት መቶ ዶላር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በኦገስት ከሚኒሶታ ወደ ዳላስ አካባቢ እንደምትዛወሩ፣ እናትሽና ሁለት ልጆችሽም አብረዋችሁ እንደሚኖሩ፣ «ፓወር ቱ ቹዝ» የሚባለውን የቴክሳስ መንግሥት ድረ ገጽ ስትከፍቺ የመብራት ውሉ ብዛት ግራ እንዳጋባሽ ጽፈሻል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠውን፣ በኪሎዋት ሰዓት 11 ሳንቲም የሚለውን ለመፈረምም እያሰብሽ ነው። እባክሽ ትንሽ ቆዪ። እኔ እንዲሁ ያለ ውል ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ከፍያለሁ፤ የደረሰብኝን በዝርዝር ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የምትገቡበትን ቤት አድራሻ አጣሪ። ቴክሳስ የመብራት ሽያጭን ለውድድር የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ ነው፤ ሰዎች ሻጭ መምረጥ የጀመሩት ደግሞ ከጃንዋሪ 2002 ወዲህ ነው። ሕጉ ግን የከተሞች ንብረት የሆኑትን የመብራት ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አላስገደደም። ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ ያለ ሰው እስከ ዛሬ ምርጫ የለውም። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣም፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ጋርላንድ ከ1923 ጀምሮ የራሷ የመብራት ድርጅት ስላላት አብዛኛው ቤት የሚስተናገደው በዚያ ነው። ዴንተንም እንዲሁ ናት። ቤቱ ዳላስ ወይም ሪቻርድሰን ከሆነ ግን በአብዛኛው ምርጫው የአንቺ ነው። የአፓርታማውን ቢሮ «መብራቱን ከማን ነው የምንገዛው?» ብለሽ ጠይቂ፤ አንድ ስልክ ይበቃል። ምርጫ በሌለበት ቤት ውል ስታነጻጽሪ ብታመሺ ድካም ብቻ ነው።

ምርጫ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ምን እንደምትመርጪ ልብ በዪ። የምትመርጪው ሻጩን ነው እንጂ ሽቦውን አይደለም። በእናንተ በኩል ምሰሶውም፣ ሽቦውም፣ ቆጣሪውም ኦንኮር የሚባለው ድርጅት ነው፤ መብራት ሲጠፋም የሚደወለው ለኦንኮር ነው። ውድ ውል የገዛም ርካሽ የገዛም በአንድ መስመር ላይ እስካለ ድረስ እኩል ይጠፋበታል፣ እኩል ይመጣለታል። ስለዚህ «የእኛ መብራት አይቆራረጥም» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ቢመጣብሽ አትስሚው። ኦንኮር ለማስተላለፊያ የሚያስከፍለው ገንዘብም የትኛውንም ሻጭ ብትይዢ ያው ነው፤ በቢልሽ ላይ ተደምሮ ይመጣል።

አሁን ወደ 11 ሳንቲሙ ልምጣ። ድረ ገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዋጋ በወር ልክ 1000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የተሰላ አማካይ ነው። ከእያንዳንዱ ውል ጋር «ኤሌክትሪሲቲ ፋክትስ ሌብል» የሚባል አጭር ሰነድ አለ፤ ሕጉ ስለሚያስገድድ ሁሉም ሻጭ ያወጣዋል። እዚያ ላይ ዋጋው በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኪሎዋት ሰዓት። ሦስቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ውሉ ግልጽ ነው። በ500 ላይ 21 ሳንቲም፣ በ1000 ላይ 11 ሳንቲም ካለ ግን መሐል ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያም ነገር ብዙውን ጊዜ «ቢል ክሬዲት» ነው፤ 1000 ከሞላሽ መቶ ዶላር ይቀነስልሻል፣ ካልሞላሽ ምንም የለም።

የእኔ ውል ለስሌት እንዲመች ትንሽ አጠጋግቼው ይህን ይመስል ነበር። ሻጩ በኪሎዋት ሰዓት 15.5 ሳንቲም፣ ማስተላለፊያው 5 ሳንቲም፣ በየወሩ ቋሚ 4 ዶላር ከ50፣ 1000 ሲሞላ የ100 ዶላር ቅናሽ። ሴፕቴምበር ላይ 1120 ተጠቅመን 134 ዶላር ከፈልን። ባለቤቴ «ቢሉ በዛ» ብላ ልጆቹን መብራት እንዲያጠፉ፣ እኔንም የአየር ማቀዝቀዣውን ሁለት ዲግሪ ከፍ እንዳደርግ ነገረችን። ሁላችንም ታዘዝን። የኦክቶበር ቢል መጣ፤ 980 ኪሎዋት ሰዓት፣ 205 ዶላር።

ያን ማታ ሁለቱን ቢሎች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተን ተቀመጥን። ባለቤቴ 980 የምትለዋን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበቻት። 140 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥበን 71 ዶላር ጨምረን ከፍለናል። ሃያ ብቻ ብንጨምር ኖሮ ቢሉ 109 ዶላር ከ50 ይሆን ነበር። ልጆቼ በጨለማ ኮሪደር መሄድ ለምደው ሳለ ቁጠባቸው እንደ ጥፋት መቆጠሩ እስካሁን ያበሳጨኛል። አገር ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፣ ብዙ የሚጠቀም ከፍ እያለበት ይሄዳል። እኔ በዚያ ልማድ ነበር ያሰብኩት። እዚህ ያለው እንዲህ ዓይነቱ ውል ግን ግልባጩ ነው።

ከዚያ በኋላ የአሥራ ሁለቱን ወራት ፍጆታ አወጣሁ። «ስማርት ሜትር ቴክሳስ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ከተመዘገብሽ ቆጣሪሽ በየ15 ደቂቃው ያነበበውን ያሳይሻል። የእኛ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ዝቅተኛው ወር ማርች 590፣ ከፍተኛው ኦገስት 1430 ነበር፤ የዓመቱ ድምር 10940። ከ1000 ያለፍነው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት አራት ወራት ብቻ ነው። በስምንቱ ወራት ቅናሹን አላገኘንም ማለት ነው። በዚያ ውል የዓመቱ ክፍያ 1897 ዶላር ሆነ። በዚያው ሰሞን ምንም ቅናሽ የሌለበት፣ 1000 ላይ 15 ሳንቲም ገደማ ስለሚል ገልጬ ያለፍኩት ሌላ ውል ነበር፤ ሻጩ 9.5 ሳንቲም፣ ሌላው ሁሉ እኩል። በእሱ ሳሰላው 1640 ዶላር መጣ። «ውድ» ብዬ የተውኩት 256 ዶላር ይረክስ ነበር።

አንቺ ገና ስለምትገቢ የቤቱ የቀድሞ ፍጆታ የለሽም፤ ስለዚህ ከላይ የሰጠሁሽን የእኛን ቁጥሮች እንደ መነሻ ውሰጂ። የእናንተ ቤተሰብ ሰፋ ያለ በመሆኑ ምናልባት ይጨምር ይሆናል። ዋናው ነገር በሦስት ወራት ማስላት ነው፤ በዝቅተኛው፣ በመካከለኛውና በኦገስት። ፓወር ቱ ቹዝ ላይ ፍጆታሽ ከተወሰነ መጠን እንዳያንስ የሚጠይቁትንና ቅናሽ የታሰረባቸውን ውሎች ከዝርዝሩ ማስወጣት ይቻላል፤ መጀመሪያ እሱን አድርጊ። ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ሲቀልልሽ ታያለሽ።

ስለ እንጀራ ምጣዱ የጠየቅሽው አያስጨንቅሽ። የእኛ ባለ 1500 ዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብትጋግሪበት 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ ቅናሽ በሌለበት በዚያ ውል ዋጋ ከ45 ሳንቲም ያነሰ። በቴክሳስ ቢሉን የሚያበዛው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። 3 ኪሎዋት የሚስብ ማቀዝቀዣ በቀን በድምሩ ስምንት ሰዓት ከሠራ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በአንድ ቀን የስምንት ጊዜ ጋገራ ማለት ነው።

በዚህም ምክንያት «ሌሊቱ ነጻ» የሚሉትን ውሎች ለእናንተ አልመክርም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እስከ ንጋት አያስከፍሉም፤ ግን የቀኑን ዋጋ ከፍ አድርገው ነው። ቀን ሁሉም ወጥቶ ቤቱ ባዶ ለሚውል ሰው ሊያዋጣ ይችላል። እናትሽ ግን ቀኑን እቤት ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ውጭው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ማቀዝቀዣ ማጥፋት ለእሳቸው ጤና አደጋ ነው። ልብስ ማጠቡን ወደ ሌሊት ማዞር ይቻላል፤ የእናትን ቀን ግን ማዞር አይቻልም።

ቋሚ ዋጋ ያለውን ብቻ ያዢ። በየወሩ የሚለዋወጥ ዋጋ ያለው ውል ወጣ ገባው አይታወቅም። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶው ሲመጣ ሻጮቹ ራሳቸው መብራት የሚገዙበት የጅምላ ገበያ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ሳንቲም አይደለም፣ ዶላር። ውላቸው ከጅምላ ገበያው ጋር የታሰረ ቤተሰቦች ለጥቂት ቀናት ፍጆታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጠየቁ። ቋሚ ዋጋ የያዝን ሰዎች በብርድ ተንቀጥቅጠናል፣ ዋጋችን ግን አልተነካም። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ከጅምላ ገበያው ጋር የታሰረውን ውል ለመኖሪያ ቤት መሸጥ ከልክለዋል፤ ተራው ተለዋዋጭ ውል ግን አሁንም አለ። ቋሚው ውልሽ ሲያልቅ ዝም ካልሽም የምትገቢው ወደ እሱ ነው።

የውሉን ማብቂያ ወር የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ኦገስት ላይ የ12 ወር ውል ብትፈርሚ የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በሙቀቱ መሐል ነው፤ እኔ እንዳየሁት በዚያ ወቅት የሚቀርበው ዋጋ ከጸደይና ከመኸሩ ይወደዳል። የ8 ወር ካገኘሽ ኤፕሪል ላይ ያልቃል፣ በረጋው ጊዜ ትመርጫለሽ። ውሉ ሊያልቅ 14 ቀን ከቀረው ጀምሮ ያለ ቅጣት ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ መብትሽ ነው። ከዚያ በፊት ካቋረጥሽ 150 ወይም 200 ዶላር የሚቀጡ አሉ፤ ቤት በመቀየር ምክንያት ከሆነ ግን አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበሽ ቅጣቱ ይነሳልሻል። ይህን ሳያውቁ የከፈሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አንድ ነገር ሚኒሶታን ሳትለቂ አድርጊ። እዚህ የብድር ታሪክሽን አይተው ማስያዣ ገንዘብ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። አሁን ካለሽበት የመብራት ድርጅት፣ ባለፉት 12 ወራት በጊዜው እንደከፈልሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘሽ ነዪ፤ ማስያዣውን ያስቀርልሻል።

ኦገስት ከመድረሱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ውል ከመረጥሽ የዋጋ ሰነዶቻቸውን እዚህ ለጥፊያቸው። በ590፣ በ980 እና በ1430 አስልቼ በማግሥቱ እመልስልሻለሁ።