የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጥርስ ሽቦ ለናፍጣ ባቡር

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ማታ ማታ የባቡር ሞዴል እንደምነካካ በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። አራት ደብዳቤ መጣ። ለዚህ ዓምድ አራት ብዙ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፣ ፒያሳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። አባቴ ደግሞ ለገሃር ሻንጣ መዛኝ ነበር። የባቡሩ ነገር ከእሱ፣ ወረንጦው ከሥራዬ የመጣ ነው።

«እትዬ፣ አጎቴ ከጀርመን ያገለገለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል አመጣልኝ። ሳጥኑ ላይ ኤች ኦ፣ 1፡87 ይላል። ሞተሩ ይሠራል። ግን የጎኑ የእጅ መያዣዎች ተሰባብረዋል፣ ክላክሱ የለም፣ ጣሪያው ላይ የነበረው የማራገቢያ ወንፊትም ወልቋል። የድሮውን የለገሃር ባቡር እንዲመስልልኝ እፈልጋለሁ። መለዋወጫ እዚህ አጣሁ። ከውጭ ላስመጣ ብል የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። ምን ይሻለኛል?» (አንባቢ፣ ከለገሃር አካባቢ)

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቅር እንዳይልህ። ኤች ኦ፣ 1፡87 ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሞዴል ነው። ሐዲዱ ስፋቱ 16.5 ሚሊሜትር ነው። በ87 ስታባዛው 1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። እሱ ከለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የአዲሱ መስመር ስፋት ነው። የድሮው ባቡራችን ሐዲድ ግን ልክ 1 ሜትር ነበር። በአንተ ሞዴል መጠን 11.5 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። የአንድ ሜትር ሐዲድ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች 12 ሚሊሜትር ይጠቀማሉ። ስለዚህ ያንተው መንኮራኩሩ ለለቡ፣ ቀፎው ለለገሃር ሊሆን ነው። እኔ ብሆን መንኮራኩሩን አልነካውም። ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም አያየውም። የሚያይ ሰው ከመጣም ሻይ ጋብዘው፣ ጓደኛህ ነው የሚሆነው።

ቅርጹም መንትያ አይሆንልህም። የእኛ መስመር ናፍጣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፣ በስዊዝና በፈረንሣይ ሠራሽ ሎኮሞቲቮች። ያንተ ጀርመን ሠራሽ ከሆነ ቢበዛ ዘመድ ይሆናል። ዘመድ ይበቃል። ግን ከመጀመርህ በፊት የአንዷን የተወሰነች ሎኮሞቲቭ ፎቶ ያዝ፣ ከተቻለ በሁለቱም ጎን። «የድሮው ባቡር» ብለህ ከትዝታ ከሠራህ ሦስት የተለያዩ ሎኮሞቲቮችን አንድ ላይ ትሰፋለህ። ድሬዳዋ ዘመድ ካለህ ስልኩን ይዞ ወደ ድሮው ወርክሾፕ ብቅ እንዲል ለምነው።

አሁን ወደ ዕቃው። አንድ ነገር ብቻ ብትሰማኝ ውፍረትን ስማኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ አቅፎ ወደ ሎኮሞቲቩ ደረጃ ሲያወጣኝ የእጅ መያዣውን ጨብጬዋለሁ። ከመጥረጊያ እንጨት ብዙም አይወፍርም ነበር። 3 ሴንቲሜትር በለው። ለ87 ስታካፍለው 0.34 ሚሊሜትር ነው። ፀጉር የምታክል ነገር! ሰው ግን ያገኘውን ሽቦ ይለጥፋል። 1 ሚሊሜትር ሽቦ ከለጠፍክ በእውነተኛው ባቡር ላይ ወደ 9 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ሰቀልክ ማለት ነው። ሾፌሩ በምን እጁ ይጨብጠው?

እኔ የምጠቀመው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ቁራጭ ነው። ቀጭኑ 0.36 ሚሊሜትር ነው፣ ልክክ ይላል። ጥርስ ሐኪም የምታውቅ ከሆነ ተቆርጦ የሚጣለውን እንዲሰጥህ ለምነው፣ ታጥቦ ይሰጥሃል። ችግሩ ብረቱ ድርቅ ያለ ነው። ለረጅሙ የጎን መያዣ ግሩም ነው፣ ለትንንሹ እጥፋት ግን እንቢ ይላል። ስትቆርጠውም ይፈናጠራል። መነጽር አድርግ፣ ወይም ጫፉን በጨርቅ ሸፍነህ ቁረጥ። ለአጫጭሩ መዳብ ይሻላል። የኔትወርክ ኬብል ስትልጥ የምታገኘው መዳብ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይወፍራል፣ ግን መፍትሔ አለው። ፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ሽቦ የሚያቀጥኑበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት አላቸው። ሽቦውን በጠባብ ቀዳዳ እየሳቡ ያወጡታል። አካባቢው ሲፈርስ ብዙዎቹ ቦታ ቀይረዋል፣ የእኔው ሰው ግን አሁንም አለ። አንድ ሜትር መዳብ ወስጄለት ቡና እስክጠጣ 0.35 አድርጎ ሰጠኝ። «ለማን አንገት ነው?» አለኝ። «ለባቡር» ስለው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ።

የተጣመመ መዳብ በጣት አታቃናው። አንዱን ጫፍ በፒንሳ ያዝ፣ ሌላውን ሰው ይያዝልህ፣ ከዚያ ትንሽ ለጠጥ እስኪል ሳበው። ቀጥ ይላል።

ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ ትራፓኖ እንዳትሞክር። ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በመርፌ ጫፍ ምልክት አድርግና በጣትህ በሚሽከረከር መብሻ ቀስ እያልክ ብሳ። መብሻ ካጣህ ቀጭን የስፌት መርፌ ጫፉን ሰብረህ፣ በስለት ድንጋይ እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋ አድርገህ ሳለው። ይበሳል። የመያዣው ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት ሁሉም ጋ እኩል እንዲሆን በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ አንድ ጊዜ በስተህ መለኪያ አድርገው። መያዣው ከግድግዳው የሚርቅበትን ደግሞ ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ለካው። ካርዱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። በእውነተኛው 6 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ እጅ ያስገባል። ከካርዱ ቀጭን ቁራጭ ከሽቦው ሥር አስገብተህ አጣብቅና ሲደርቅ ምዘዘው።

ለክላክሱ ያለቀ እስክሪብቶ አለህ? ከቀለሙ መያዣ ጫፍ ላይ ያለችውን የነሐስ ሾጣጣ አውጣት። ሰፊው አፏ ከ2 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ወደ 20 ሴንቲሜትር የሚጠጋ የጡሩንባ አፍ ነው። በአልኮል በደንብ እጠባት። የቀረ ቀለም ካለ በላዩ ከምትቀባው ቀለም በኩል ሰማያዊ እየሆነ ይወጣብሃል፣ ደርሶብኛል። ለማራገቢያው የተበላሸ ኢርፎን ፊት ላይ ያለችውን ክብ የብረት ወንፊት በስለት ፈልቅቃት። 1 ሴንቲሜትር ገደማ ናት፣ በእውነተኛው 87 ሴንቲሜትር። የሻይ ማጥለያ ቆርጠው የሚጠቀሙ አሉ፣ ግን ዓይኑ ይሰፋል። ምናለሽ ተራ ሄደህ የተበላሸ ኢርፎንና ራዲዮ በአንድ ፌስታል ብትገዛ ለዓመት ይበቃሃል። የሰዓት ጥርስ ግን እባክህ አትለጥፍ። ሰው ሁሉ ይለጥፋል። የትኛው ባቡር ጣሪያ ላይ ነው የሰዓት ጥርስ ያለው?

የሠራኸውን ፎቶ ላክልኝ፣ በተለይ ክላክሱን።

«ይድረስ ለእህቴ። ጡረተኛ ነኝ። በሎኮሞቲቬ ላይ ትንንሽ ዕቃዎችን በሱፐር ግሉ ለጥፌ ሳጥኑን ዘግቼ አደርኩ። ጠዋት የሾፌሩ መስኮት ጉም የለበሰ መሰለ። በጨርቅ ብጠርገው እንቢ አለ። ተበላሸ ማለት ነው?» (አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

አይዞዎት፣ አልተበላሸም። እኔም አሥራ አራት መያዣ በአንድ ማታ ለጥፌ፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ በዳቦ ሳጥን ከድኜው አድሬያለሁ። ጠዋት መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንፋሎት ይወጣዋል። እንፋሎቱ መስታወት መሰሉ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። መክደናችን ነው ጥፋቱ፣ መውጫ አሳጣነው።

መስኮቱ ከወለቀ አውልቁት። የጥርስ ሳሙና፣ ነጩንና አሸዋ አሸዋ የማይለውን፣ በእርጥብ ጥጥ ላይ ትንሽ አድርገው ክብ ክብ እያደረጉ ይሹት። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ውሃ። ካልጠራ ይድገሙት። እኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንወለውለውም በዚሁ ዘዴ ነው፣ በሻካራ ጀምሮ በለስላሳ መጨረስ። አሴቶን ግን በፍጹም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥም አሴቶን ይኖራል፣ ሞዴሉ ከተሠራበት ፕላስቲክ ጋር ከተገናኘ ያቀልጠዋል። ወደፊት መስኮቱን በመጨረሻ ይግጠሙ፣ በሱፐር ግሉ ሳይሆን በአናጢ ነጭ ኮላ። ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ አይታይም።

«ከሞባይል ጥገና ቤት ያመጣሁትን ነጭ ኤል ኢ ዲ ለፊት መብራት በቀጥታ ሐዲዱ ላይ ካለው ኤሌክትሪክ ጋር አገናኘሁት። ብልጭ አለና ሞተ። ሁለተኛውም እንዲሁ።» (አንባቢ፣ ከአምስት ኪሎ)

ሦስተኛውን አትግደል። ሐዲድህ እስከ 12 ቮልት ይሰጣል፣ ነጭ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው 3 ገደማ ነው። በመካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባ። 9 ሚሊ አምፒር ገደማ ያልፋል፣ ለዚህች መብራት ከበቂ በላይ ነው። ይኼ ግማሹ ነው። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይቀያየራል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ በግልባጭ 12 ቮልት ሲመጣበት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ግዛ። አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ አድርገህ እርስ በርሳቸው በተቃራኒ አገናኛቸውና አንዱን ሬዚስተር ይጋሩ። ባቡሩ ወደፊት ሲሄድ የፊቱ ይበራል፣ ሲመለስ የኋላው። አንዱ ሲበራ ሌላውን ከከፍተኛው ቮልት ይጠብቀዋል። ያንተ ባቡር በዲጂታል ካርድ የሚሠራ ከሆነ ግን ይኼን ሁሉ እርሳው፣ ገመዱ ከካርዱ ነው የሚወጣው።

ቀለሙንም ተመልከት። የሞባይል ፍላሽ ነጩ ሰማያዊ ይመታዋል። የድሮ ባቡር መብራት ቀጭን ሻይ ይመስል ነበር። ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካናማ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ቀባ አድርገው። ባዶ ሽቦ ከታችኛው ብረት ጋር እንዳይነካካ ደግሞ ቴፕ ጠቅልልበት።

«የእኔዋ ሎኮሞቲቭ በጣም ታብረቀርቃለች፣ አዲስ መኪና ትመስላለች። እንዴት ላስረጃት?» (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መጀመሪያ አንጸባራቂነቱን በማት ቫርኒሽ ግደይው። ሲደርቅ የከሰል ዱቄት፣ ከቡናው ምድጃ የተረፈው ይሆናል፣ በጨርቅ አንፍተሽ በአሮጌ የዓይን ቀለም ብሩሽ ማርሚታው ዙሪያና ወደ ኋላ በተጎተተ መስመር ቀቢው። ጭሱ ባቡሩ በሚሄድበት ተቃራኒ ነው የሚተኛው። ለታችኛው አቧራ ቀይና ቡናማ ጠመኔ በስለት እየፋቅሽ ተጠቀሚ። ከውጭ አፈር አታምጪ፣ አሸዋው የሞተሩ ጥርሶች ውስጥ ገብቶ ይፈጫቸዋል። መንኮራኩሩ ላይም ምንም አታድርጊ፣ ኤሌክትሪኩን የምትወስደው በእሱ ነው። እኔ በአንድ ቀን አልጨርስም። ሦስት ማታ እቀባለሁ፣ በአራተኛው ግማሹን እጠርጋለሁ።