ከባህር ዳር ድሬዳዋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስራዬ ትኬት መቁረጥ ስለሆነ ስለ በረራ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ በጣም ብዙ ነው የመጣው፣ የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር ድሬዳዋ አንዱ 540 ኪሎ ሜትር ይለኛል ሌላው ከ1,000 በላይ፣ የቱን ልመን?

ሁለቱም ልክ ናቸው ወንድሜ። 540ው ካርታ ላይ በማስመሪያ ቀጥ አርገህ ስትለካው ነው፣ ከ1,000 በላዩ ደሞ በመኪና በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ገብተህ ከዛ በአዋሽ ስትሄድ። አንተ የምትበረው ግን ሁለቱንም አይደለም። ትኬቱ በቦሌ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ 330 ገደማ ወደ ደቡብ ትመጣለህ ከዛ 340 ገደማ ወደ ምስራቅ፣ ድምሩ 670 አካባቢ።

ጥያቄ፦ እሺ ታዲያ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አየር ላይ ያለው ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱ በረራ ወደ 45 ደቂቃ ነገር። ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚለው ከቆመበት ተነስቶ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበትን፣ ተራ የሚጠብቅበትን፣ ካረፈ በኋላም እስኪቆም ያለውን ስለሚቆጥር ነው። ቀኑን የሚበላው ቦሌ ያለው ትራንዚት ነው፣ እሱ 2 ሰዓትም 6 ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ እባካችሁ ትኬት ስትመርጡ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ የትራንዚቱን ሰዓት እዩ። በጣም አጭሩም አይመከርም፣ የመጀመሪያው በረራ ትንሽ ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጣችኋል፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበዛ።

ጥያቄ፦ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ቀርፋፋ ነው አይደል? እናቴ ትፈራዋለች

እናትህን አይዞሽ በላት። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 የሚባለው ነው፣ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ለ330 ኪሎ ሜትር መንገድ ከጄት ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም ጄቱም ቢሆን ገና ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ለአጭር መንገድ ነዳጅም ይቆጥባል። ድምፁ ትንሽ ይሰማል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ትኬቴ 13:20 ይላል፣ የቀኑ ነው የሌሊቱ?

ይሄን የጠየቅሽ እህቴ ተባረኪ፣ ሰው በብዛት በረራ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይደለም፣ 6 ቀንሺ፣ 13:20 ማለት ከቀኑ 7:20 ነው። 07:30 ከሆነ ከጠዋቱ 1:30። ከሁሉም የሚያሳስተው 00:40 ነው፣ እዚህ 6 መቀነስ ስለማይቻል 6 ትደምሪያለሽ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6:40 ማለት ነው፣ ቀኑ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፣ ስለዚህ ትኬቱ ማክሰኞ 00:40 ካለ ሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለብሽ። ወደ ዱባይ ወይ ጅዳ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ይሄን ቁጭ አድርጋችሁ አስረዱት፣ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ አውሮፕላኑ ትናንት ሄዷል የተባለ ሰው አይቼ አንጀቴን ነው የበላኝ።

ጥያቄ፦ ድሬ ስወርድ ጃኬት ያስፈልገኛል?

ቦሌ ላይ ልበሰው ድሬ ላይ ታወልቀዋለህ፣ የቦሌ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 እንኳን አይሞላም።

የጎንደርና የላሊበላ ጠያቂዎች፣ የናንተን ነገ ማታ።