የደብረ ብርሃን ውርጭና የመኪና ጎማ፦ ጥያቄና መልስ

ኅዳር ገብቶ ጠዋት ጠዋት ከመኪና መስታወት ላይ ውርጭ መፋቅ ከጀመርን ወዲህ ስለ ጎማ ንፋስ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ከረዳትነት ተነስቼ የደሴን መንገድ በሚኒባስም በአይሱዙም የተመላለስኩበት፣ አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ጎሚስታ ከፍቼ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው አስቀምጣለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ፣ መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል። ረፋድ ላይ ራሱ ይጠፋል። አንዱ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ይነቀል» አለኝ። ላስነቅለው?

መልስ፦ እንዳታስነቅዪው እህቴ። ያ መብራት የጎማ ንፋስ መጉደሉን የሚነግርሽ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በግምት ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከጎማው 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት ነው) ይወርዳል። የእኛ ከተማ በዚህ ወቅት ከሰዓት 20 ዲግሪ ገደማ ውላ ንጋት ላይ ወደ ዜሮ ትጠጋለች። ስለዚህ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ልክ 32 የነበረ ጎማ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 29 ቢሆን ምንም ቀዳዳ የለውም። በዚያ ላይ ነድተሽ መጥተሽ ከሆነ ያስሞላሽው፣ ጎማው በመሽከርከር ስለሞቀ መለኪያው ሌላ 3 ወይም 4 ከፍ አድርጎ አሳይቶሻል። ሲያድር ያ ሁሉ ይወርዳል። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ስትነጂ ደግሞ ይመለስና መብራቱ ይጠፋል።

መብራቱ ጠፋ ማለት ግን ጎማው ሞላ ማለት አይደለም። ብዙ መኪና ላይ የሚበራው ከሚፈለገው ሩብ ያህል ከጎደለ በኋላ ነው፤ 32 የሚፈልግ ጎማ 24 ገደማ ሲደርስ ማለት ነው። ብርዱ ብቻውን 3 ቢወስድ የቀረውን ማን ወሰደው? ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሺ አራቱንም ለክተሽ ቁጥሩን ንገሪኝ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ጎሚስታው የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አይቶ 44 ሞላልኝ። «ለብርድ ጥሩ ነው» አለ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሙያ ወንድሜን ላለማማት ብዬ እንጂ... ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። መኪናህ የምትፈልገው የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ከጃፓን የመጣች ከሆነች ጽሑፉ ባይነበብህም ቁጥሩ ይነበባል፣ በኪሎ ፓስካል የተጻፈ ነው፦ 220 ካለ 32፣ 230 ካለ 33፣ 240 ካለ 35 ፒኤስአይ ነው። የፊትና የኋላው ሊለያይ ይችላል። በ44 ከነዳህ ጎማው መሀል መሀሉን ይበላል፤ ጠዋት ውርጭ ያረፈበት አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝም መሬት የሚጨብጠው አካሉ ያንሳል። ለብርድ ጥሩ የሚባለው ጋቢ ነው።

ጥያቄ (ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ)፦ «ጎማ ሲቀዘቅዝ ለኩ» ትላላችሁ። ጎሚስታ ከቤቴ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ እስክደርስ ይሞቃል። በምን ተአምር ነው ቀዝቃዛ ጎማ የማስሞላው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የራስህ መለኪያ ግዛ፣ እርሳስ የምታህለዋ ትበቃለች። ጠዋት ግቢህ ውስጥ ለካ። ቀዝቃዛ የምንለው ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ጎማ ነው። 27 አገኘህ እንበል፣ የሚፈለገው ደግሞ 32 ነው፤ ጎዶሎህ 5 ነው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ጻፈው። ጎሚስታ ስትደርስ ያው ጎማ ሞቆ 29 ቢያሳይ እስከ 34 ታስሞላለህ። ጎዶሎውን 5 ነው የምትጨምረው፣ 32 ሲደርስ «በቃ» አትልም። ጎሚስታው «በዛ» ቢልህ ወረቀትህን አሳየው።

የራስህ መለኪያ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። የእኛ ሱቅ መለኪያ በቀን ስንት ጊዜ ወለል ላይ እንደሚወድቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ያንተ ቢዛነፍ እንኳ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚዛነፈው፣ ስለዚህ ለውጡን ያሳይሃል።

ጥያቄ (ሚኒባስ ሹፌር፣ ሸዋ ሮቢት–ደብረ ብርሃን)፦ ሮቢት ላይ ያሉ አንጋፋ ሾፌሮች «ጣርማ በርን ከመውጣትህ በፊት ንፋስ ቀንስ፣ ከፍታ ላይ ጎማ ይነፋል» ይሉኛል። ደብረ ብርሃን ስደርስ ደግሞ «በብርድ ይቀንሳል፣ ጨምር» ይሉኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። ወደ ላይ ስትወጣ የውጭው አየር ይሳሳል። መለኪያችን ደግሞ የሚያሳየው የውስጡ አየር ከውጭው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ከሮቢት ደብረ ብርሃን 2 ያህል ከፍ ይላል። አንጋፋዎቹ ያዩት ይህንን ነው። ግን ከ30 ዲግሪ ሙቀት ተነስተህ 2 ዲግሪ ውስጥ ስታድር ብርዱ 4 ይወስድብሃል። ሁለቱ ሲጣጣሉ ጠዋት ላይ 2 ጎድሎህ ትነሳለህ እንጂ አልነፋብህም።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ረዳት እያለሁ ሮቢት መናኸሪያ ላይ ሾፌሩ «ቀንስ» ሲለኝ ቀነስኩ። ስንሮጥ የዋለ ጎማ ነው፣ የሚፈልገው 32 ሆኖ ሳለ ሞቆ 36 ያሳያል፤ እኔ በምስማር ጫፍ ቫልቩን ተጭኜ 32 አደረስኩት። ያ ማለት ሲቀዘቅዝ እዚያው ሮቢት ላይ 28 ነው። ደብረ ብርሃን አደርን፣ ብርዱ የራሱን ወሰደ፣ ንጋት ላይ 26 ነበር። ማን ሊለካ! ሰው ጭነን፣ ከላይ ማዳበሪያ ጭነን፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን ያንን ቁልቁለት ወረድን። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሆዱ እየተጣጠፈ ውስጡን ያቃጥላል። ደብረ ሲናን አልፈን ሙቀቱ ውስጥ ስንገባ የኋላው ፈነዳ። ዳገት ቢሆን ኖሮ ግድ የለም፣ ቁልቁለት ላይ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ሾፌሩ ግን እስከ ዛሬ «ንፋስ በዝቶበት ነው» ይላል። አሁንም ሻይ ስንጠጣ እንከራከራለን።

ስለዚህ የሞቀ ጎማ ላይ ንፋስ አትቀንስ፣ የትም ቢሆን። ማደሪያህ ደብረ ብርሃን ከሆነ ጠዋት እዚያው አስተካክል። ቆላ ስትወርድ ሙቀቱ የሚጨምረውን የውጭው አየር መክበድ ስለሚቀንሰው በ1 ወይም በ2 ብቻ ነው የሚበልጠው፤ ጎማው ለዚያ ተሠርቷል።

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ መሐል ሜዳ)፦ እንግዲያው በሩ ላይ የተለጠፈው 32 ባሕር ወለል ላይ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ነው። መንዝ ላይ ሒሳቡን ማስተካከል የለብንም?

መልስ፦ የለብንም፣ መምህር። መኪናዋን ተሸክሞ የሚያቆማት በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ መለኪያውም የሚያነበው ያንኑ ልዩነት ነው። መሐል ሜዳ ላይ ያነበቡት 32 ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚነበበው 32 ጋር እኩል ይሸከማል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ለተማሪዎችዎ አሳምረው ያስረዱታል።

ጥያቄ (አይሱዙ፣ መንዝ)፦ ጠጠሩ ሲያንገጫግጨን ንፋስ ቀነስ እናደርጋለን። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ጭነት ይዘህ አታድርገው። ንፋስ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከራል፣ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል፣ ቫልቩን ከሥሩ ይበጥሰዋል። ጠጠሩን በፍጥነት መቀነስ ነው የምታሸንፈው።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ብሞላ ከብርድ እገላገላለሁ?

መልስ፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እሱም በብርድ ያው ይኮማተራል። ገንዘብህን ለመለኪያው አውለው።

ጥያቄ (ታክሲ ሹፌር)፦ ንፋስ ሲጎድል ነዳጅ ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ይጋነናል። በአራቱም ላይ 1 ፒኤስአይ ሲጎድል የነዳጁ ጭማሪ ወደ 0.2 በመቶ ነው። 5 ቢጎድል 1 በመቶ፤ ከ40 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር እንኳ አትሞላም። የሚያቃጥልህ ግራና ቀኝ ጠርዙ ተበልቶ የሚጣለው ጎማ ነው፣ ዋጋውን አንተው ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ ከምለካ ለብርዱ ብዬ 5 ጨምሬ ብሞላውስ?

መልስ፦ ከሰዓት ላይ የምትሞላ ከሆነ 2 ወይም 3 ጨምር፣ ጠዋት ትክክለኛው ላይ ያርፋል። 5 ይበዛል። በየጠዋቱም መለካት የለብህም፤ ከኅዳር እስከ ጥር በየ2 ሳምንቱ፣ ሌላ ጊዜ በወር አንዴ ይበቃል። ደህና ጎማም ቢሆን በወር 1 ፒኤስአይ ያህል ይተነፍሳል። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) አብረህ ለካ፤ ተረስቶ ከርሞ በችግር ቀን ባዶውን የሚወጣ ስኮርታ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከአንኮበር፣ ጡረታ የወጡ አባት)፦ ልጄ፣ አሮጌ ቮልስ አለችኝ። ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ካልሆነ ከግቢ አትወጣም። ልጆቹ አራቱንም 32 ሞልተውልኝ ሄዱ፤ መሪዋ እንደ ፈንጠዝያ ፈረስ ሆነብኝ።

መልስ፦ እግዜር ያቆይዎት አባቴ። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፣ ሁሉም መኪና 32 መስሏቸው ነው። የቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ በጣም ቀላል ነው፤ በተለመደው ራዲያል ጎማ የፊቱ 18፣ የኋላው 27 ገደማ ይበቃታል። ይህኛውን እንኳ ይቀንሱት ብዬ እፈርዳለሁ፣ ግን ጠዋት፣ ሳትነዳ። ቆማ ስትከርም ደግሞ ጎማው በተኛበት በኩል ጠፍጣፋ ይሠራል፤ በሳምንት አንዴ ግቢ ውስጥ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሷት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጎማ ልገዛ ነው። ጥርሱ ደህና ነው። ሌላ ምን ልይ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ፈልግ። 3514 ካለ በፈረንጆች 2014 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑን እንዳትረሳ፤ አንዱ ደንበኛዬ በእኛ ቆጥሮ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ገዝቶ መጥቷል። ያረጀ ጎማ በብርድ ይደርቃል፣ ጎኑ እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ታየዋለህ። ጥርስ ቢኖረውም ተወው።

ጥያቄ (የመጀመሪያዋ ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ ዛሬ ጠዋት ሳልነዳ ለካሁ። ሦስቱ 28 ናቸው፣ የቀኝ የኋላው 22 ነው። ብርዱ እሱን ብቻ ለምን ጠመደው?

መልስ፦ ብርድ አድልዎ አያውቅም፣ አራቱንም እኩል ነው የሚነካው። አንዱ ብቻውን ከወረደ የሚያፈስ ነገር አለ። የቫልቩን ክዳን ክፈቺና ጣትሽን በምራቅ አርጥበሽ አፉ ላይ አድርጊ፤ አረፋ ከሠራ የቫልቩ ልብ ነው፣ በደቂቃ ይቀየራል። ካልሠራ የሳሙና ውኃ ጎማው ላይ አፍስሺና መኪናዋን ትንሽ ትንሽ እያስኬድሽ ዙሪያውን ተመልከቺ። ሚስማር ካገኘሽ አትንቀዪው፣ እንዳለ ይሁን። ጎረቤት ኮምፕሬሰር ካለው እስከ 32 ሙዪውና ቀስ ብለሽ ጎሚስታ ድረስ ንጂ። የሌሎቹንም የሦስቱን ጎዶሎ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ 4፣ 4፣ 4።