ኮዱን ከማፍረሳችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ከባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ ወጥታችሁ ሥራ ስትጀምሩ አንድ ችግር መምጣቱ አይቀርም፦ በፒኤችፒ (የዌብ ገጾች በሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) የጻፋችሁት ስክሪፕት ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ብሮውዘር ላይ እምቢ ይላል። አብዛኞቻችሁ ወዲያው ኮዱን ታፈርሳላችሁ። እባካችሁ ታገሡ።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አንዲት ልጅ ከጣና ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም ይዛ መጣች። ጧት 3 ሰዓት የተሳፈረ ሰው ትኬቱ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ይላል። ተርሚናል ላይ ሰዓቱ ልክ ነው። እሷም የኢትዮጵያን ሰዓት ስታሰላ የተሳሳተች መስሏት ስሌቱን ደጋግማ ጻፈችው። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። የአቆጣጠራችን ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ 3 ሰዓት ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ የምንቀድምበት ነው። ስለዚህ የጎደለው የሰዓት ቀጠናው ነበር።

ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ ለተርሚናል አንድ፣ ገጹን ወደ ብሮውዘር ለሚልከው ዌብ ሰርቨር ለአፓቼ ሌላ የኮንፊገሬሽን (የቅንብር) ፋይል አለው፤ ፒኤችፒን ለዌብ ሰርቨር ለብቻው የሚያስኬደውን ኤፍፒኤም ከጫናችሁ ሦስተኛ ይጨመራል። ልጅቷ የአዲስ አበባን ቀጠና የሞላችው የተርሚናሉ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አትገምቱ፣ ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቁት። ተርሚናል ላይ ፒኤችፒ ብላችሁ ከሁለት ሰረዝ በኋላ ኢኒ ስትጨምሩ (php --ini) ያነበበውን ፋይል ይነግራችኋል። ለዌብ ሰርቨሩ ደግሞ ፒኤችፒ ኢንፎን (phpinfo) የሚጠራ የአንድ መስመር ገጽ በብሮውዘር ክፈቱና ሁለቱን አስተያዩ። ስትጨርሱ ገጹን አጥፉት፤ የሰርቨሩን ገበና ለማንም ያሳያል። ፋይሉን ካስተካከላችሁ በኋላ አፓቼን፣ ወይም የምትጠቀሙት እሱን ከሆነ ኤፍፒኤምን፣ ሪስታርት አድርጉ። ይህን ረስቶ "አልሠራም" የሚል ብዙ ነው።

ገደቦቹም ይለያያሉ። ተርሚናል ላይ ፒኤችፒ የጊዜ ገደብ የለውም፤ በዌብ ሰርቨር በኩል ካልቀየራችሁት 30 ሰከንድ ነው። ረጅም ሪፖርት መሀል ላይ ከተቋረጠ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የፋይል ፈቃድ ነው። ተርሚናል ላይ ስክሪፕቱን የምታስኬዱት እናንተ ናችሁ፤ በአፓቼ በኩል ግን ኡቡንቱ ላይ ደብልዩደብልዩደብልዩ ዳታ (www-data) የሚባል ሌላ ዩዘር ነው። እናንተ የምትጽፉበት ፎልደር ላይ እሱ መጻፍ ላይችል ይችላል። ያን ጊዜ ተቻኩሎ 777፣ ማለትም ለሁሉም ዩዘር ሙሉ ፈቃድ፣ መስጠት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፤ ያውም የሰው ስም፣ ስልክና ገንዘብ ባለበት ቤት። መጻፍ ያለበትን ፎልደር ለይታችሁ ያንን ብቻ ለዚያ ዩዘር ስጡት፤ ሌላውን አትንኩ።