ፊት የሌለው ጠጠር ሮቦት አይሆንም

ልጆቼ፣

የሮቦት ፕሮግራም ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የትእዛዝ ካርዶችን አስቀድሞ በተራ ደርድሮ ሮቦቱን በሰሌዳ ላይ ወደ መድረሻ የሚመራበት ጨዋታ ነው። ይህን በእጃችሁ ባለ ጠጠር ለመጫወት ካሰባችሁ ሮቦቶቹን አንስቶ ቆርኪ፣ የቼዝ ጠጠር ወይም ትንንሽ መኪና መተካት ብቻውን አይበቃም። ካርዶቹ የተጻፉት ለአንድ ዓይነት አካል ነው፤ አንድ ቤት ብቻ ለሚይዝ፣ ፊትና ጀርባ ላለው፣ ፊቱ የቆመውን ለሚገፋ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ካርዶቹ ባሉበት ሆነው ጨዋታው ይበላሻል፤ ተጫዋቾቹም ምኑ እንደተበላሸ አያውቁትም።

ከሦስቱ ትልቁ ፊት ነው። በ1994 የወጣውን፣ ሮቦራሊ የተባለውን የሪቻርድ ጋርፊልድ የሰሌዳ ጨዋታ እንይ። የቀድሞው እትም 84 የፕሮግራም ካርዶች አሉት። 18ቱ ወደ ግራ፣ 18ቱ ወደ ቀኝ ማዞሪያ ናቸው፤ 6ቱ ደግሞ ፊትን ወደ ኋላ ያዞራሉ። ድምሩ 42፣ የጥቅሉ ልክ ግማሽ ነው። ፊቱ የማይለይ ጠጠር ስታስቀምጡ ግማሹን ካርድ ከጥቅም ውጭ አደረጋችሁት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ አቋራጭ ይፈልግና ማዞሪያዎቹን አውጥቶ «ሰሜን»፣ «ምሥራቅ» የሚሉ ካርዶችን ይተካል። መጫወት ይቻላል፤ ግን ሌላ ጨዋታ ሆኗል፣ ያውም የቀዘቀዘ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ዓምድ 3፣ ረድፍ 1 ላይ ሰሜንን እያየ የቆመ ጠጠር አለ እንበል። ካርዶቹ በተራ፦ 2 ወደፊት፣ ቀኝ፣ 1 ወደፊት፣ ግራ፣ 3 ወደፊት። ማንም ካልነካው ዓምድ 4፣ ረድፍ 6 ላይ ሰሜንን እያየ ይጨርሳል። ከመጀመሪያው ካርድ በኋላ ሌላ ጠጠር አንድ ቤት ወደ ምሥራቅ ቢገፋው መጨረሻው ዓምድ 5፣ ረድፍ 6 ይሆናል፤ የሳተው በአንድ ቤት ብቻ ነው። በመገፋት ፈንታ የሚያሽከረክር ቤት ላይ ቆሞ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ቢዞርስ? ዓምድ 6፣ ረድፍ 2 ላይ ምሥራቅን እያየ ያርፋል። የቦታ ስሕተት ባለበት ይቆያል፤ የአቅጣጫ ስሕተት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ትእዛዝ በሙሉ ያጣምማል። የጨዋታው ሳቅም ትምህርቱም ያለው እዚህ ነው። በ1967 በዎሊ ፉርዛይግ፣ በሲይሞር ፓፐርትና በሲንቲያ ሰለሞን የተሠራው ሎጎ የተባለ የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ኋላ ላይ ያመጣት ኤሊም (በትእዛዝ የምትሄድ ትንሽ ሮቦት ወይም የስክሪን ምልክት) የምትታዘዘው በ«ወደፊት»ና በ«ቀኝ» ነው፤ ልጁ ራሱን በኤሊዋ ቦታ አቁሞ እንዲያስብ።

ስለዚህ ከቆርኪ እንጀምር። ቆርኪ ጠንካራ ነው፣ በእጅ ይያዛል፣ ችግሩ ክብነቱ ነው። አናቱ ላይ ነጥብ ማድረግ አይበቃም፤ እጅ ሲነካው ነጥቡ በሰሜንና በምሥራቅ መካከል ይቀርና ክርክር ይነሣል። ከ2 ሚሊ ሜትር ካርቶን 36 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ መቀመጫ ቆርጣችሁ ቆርኪውን መሐሉ ላይ ለጥፉት። አራት ማዕዘን መቀመጫ በአራት ማዕዘን ቤት ውስጥ ጠማማ ሲሆን ወዲያው ያስታውቃል። የፊቱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማርከር ቀቡ፤ አናቱም ላይ ቀስት ይኑር፤ አለዚያ ማዶ የተቀመጠው ተጫዋች የተቀባውን ጎን አያየውም።

ቤቱ 45 ሚሊ ሜትር ይሁን። በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ 4 በ6 ቤት ይገባል፤ አራት ወረቀት ሲጋጠም 8 በ12 ሰሌዳ ይሆናል። ስታትሙ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን አጥፍታችሁ መጠኑን 100 በመቶ አድርጉ፤ ከዚያ አራት ቤት በማስመሪያ ለኩ። 180 ሚሊ ሜትር ካልሞላ ማተሚያው አሳንሶታል፤ ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር አታጋጥሙት። ሰሌዳውን ካርቶን ላይ ስትለጥፉ የካርቶኑን ጀርባም ወረቀት አልብሱት፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተለጠፈ ሙጫው ሲደርቅ ይጎብጣል።

መኪና ፊት አለው፣ ግን ሁለት ቤት ይይዛል። እዚህ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የሚሻለው የኋላውን ቤት የመኪናው «መነሻ» ማድረግ ነው፤ መዞሩ በእሱ ላይ ይሁን። ኋላው ዓምድ 3፣ ረድፍ 3 ላይ፣ አፍንጫው ረድፍ 4 ላይ ሆኖ ሰሜንን ሲያይ ቀኝ ካርድ ቢመጣበት አፍንጫው ወደ ዓምድ 4፣ ረድፍ 3 ይሄዳል። ያ ቤት ከተያዘ ወይም በመካከል ግድግዳ ካለ አይዞርም፣ ካርዱም ባክኗል። እየዞረ ይግፋ ያላችሁ እንደሆነ የተገፋው ወደ ደቡብ ይሂድ ወይስ ወደ ምሥራቅ? አፍንጫው በሰያፍ ስለሚመጣ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ስለዚህ በመዞር መግፋት ይቅር። አፍንጫው በጥግ የሚያልፍበትን ቤት (ዓምድ 4፣ ረድፍ 4) ግን አትቁጠሩት፤ ከቆጠራችሁት በስምንት ዓምድ ሰሌዳ ላይ መኪኖቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። የሚጓዘው ቀበቶ (የቆመበትን ጠጠር የሚያንቀሳቅሰው ቤት)፣ የሚያሽከረክረው ቤትና መድረሻው የሚሠሩት በኋላው ቤት ላይ ብቻ ይሁን፤ አለበለዚያ ሁለት ቀበቶ አንድ መኪና ወዲህና ወዲያ ይጎትታል። ፊትን ወደ ኋላ የሚያዞሩትን 6 ካርዶች አውጥታችሁ 6 የማፈግፈጊያ ካርድ ብትጨምሩ መልካም ነው፤ መኪና ባለበት ግማሽ ዙር ሲዞር አያምርም።

የቼዝ ፈረስ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። «1 ወደፊት» ሲባል ሁለት ቤት ወደፊት፣ አንድ ቤት ወደ ግራ ይዝለል ብትሉ ደስ የሚል ይመስላል። ችግሩ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፍ ፈረስ የቱንም ያህል ቢዞር ከሰሌዳው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው የሚረግጠው። ከ96 ቤቶች ከ20 አይበልጡም። መድረሻው ከእነዚያ ውጭ ከሆነ፣ ሌላ ጠጠር ካልገፋው ወይም ቀበቶ ካላንቀሳቀሰው በቀር እስከ ነገ ቢዘል አይደርስም። በወረቀት ሞክሩት፦ ከአንድ ቤት ጀምራችሁ አራቱን ዝላይ ምልክት አድርጉ፣ ከእያንዳንዱም እንዲሁ ቀጥሉ፤ ባዶ የሚቀሩት ቤቶች ብዛት ያስገርማችኋል። መድኃኒቱ ማጠፊያውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚገለብጥ አዲስ ካርድ ነው። ከግራና ከቀኝ ማዞሪያዎች ስድስት ስድስት ቀንሳችሁ 12 መገልበጫ አስገቡ። ከፈረሱ ሥር የታጠፈ ቀስት ያለበት መቀመጫ ይኑር፤ በአንዱ ገጽ ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ የታጠፈ፤ ካርዱ ሲወጣ መቀመጫው ይገለበጣል። ፈረሱ ሌላ ጠጠር ላይ ካረፈ የተገፋው ወደ ፈረሱ ፊት አቅጣጫ አንድ ቤት ይሂድ።

በሰያፍ ብቻ የሚሄድ ጠጠርም በተመሳሳይ ምክንያት የሰሌዳውን ግማሽ አያይም፤ መድረሻዎቹን ሁሉ በአንድ ቀለም ቤቶች ላይ ካላደረጋችሁ አትምረጡት።

ሕጉን ስትጽፉ ሦስት ነገር አይዘለል። የተገፋ ጠጠር ፊቱ አይለወጥም። ተገፊው ግድግዳ ከተደገፈ ገፊውም ባለበት ይቆማል። ሁለት ቀበቶ ሁለት ጠጠር ወደ አንድ ቤት ካመጣ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ከባድና ቀላል ጠጠር እያላችሁ የመግፋት ደረጃ ማውጣት ያጓጓል፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ግን ተዉት፤ ሦስት ጠጠር በተከታታይ ሲቆም መሐለኛው ከባድ ከሆነ ሕጉ ገጽ ይሞላል።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ሆናችሁ ፈትኑት። አንድ መነሻ፣ አንድ አቅጣጫ፣ አምስት ካርድ ውሰዱ፤ እየተደባበቃችሁ መጨረሻውን ዓምድ፣ ረድፍና ፊት ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ እንቅፋት፣ ሁለተኛውን «3 ወደፊት» አንድ ቤት ሄዶ ግድግዳ በሚያገኝበት፣ ሦስተኛውን ሁለተኛ ጠጠር መንገድ ላይ አቁማችሁ አድርጉት። መልሳችሁ ከተለያየ ማን ተሳሳተ ብላችሁ አትከራከሩ፤ የጎደለውን ሕግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና በሌላ አምስት ካርድ ድገሙት።