ቅኔው ሳያልቅ አትቁረጡ

ልጆቼ፣ በመንፈሳዊ ቴሌቪዥን የምትሠሩ፣ ካሜራ ተሸክማችሁ ከደጀን እስከ ሞጣ ስትዞሩ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ የእናንተን ሥራ ነው የማየው። አንዳንዴ ግን አዝናለሁ፤ እኔ ያጠፋሁትን ጥፋት እናንተም ስትደግሙት ስለማይ ነው።

በካሴት በምንሠራበት ጊዜ ነው። እሑድ ሌሊቱን ቆመን ማኅሌት ቀረጽን። አንድ የቅኔ ተማሪ መወድስ የሚባለውን የቅኔ ዓይነት ዘረፈ፣ ማለትም ራሱ ፈጥሮ በቃሉ አቀረበ። መወድስ 8 ቤት (ስንኝ) ነው፤ ዘራፊው አንድ አንድ ቤት ይነግራል፣ ተቀባዩ ተቀብሎ ያዜማል፣ ሊቃውንቱ እያዳመጡ «ይበል!» ይላሉ። ጊዜ ይወስዳል። የተሰጠን ሰዓት ጠባብ ነበርና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቤቶች ቆርጬ መዝሙር አስገባሁበት። ምስሉ አማረ፣ አለቆቼም አመሰገኑኝ። በማግስቱ አንድ አባት ደወሉ። «ልጄ፣ ሰሙን አሰማኸን፣ ወርቁን የት አደረስከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እነ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ፣ ታላላቆቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ ያሉበት አገር ልጅ ሆኜ፣ ግእዝ አልሰማም ነበርና ቅኔው የቱ ላይ እንደሚፈታ አላወቅሁም።

ስለዚህ ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ቅኔ የሚያውቅ አንድ መሪጌታ አጠገባችሁ አስቀምጡ። አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። ስብከትም እንደዚያው ነው። የ40 ደቂቃ ትምህርት ውስጥ ሰባኪው ድምፁን ከፍ ያደረገባትን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቆርጣችሁ ቲክቶክ ላይ ስትለቁ፣ ሰውየው ከዚያ በፊትና በኋላ ምን እንዳለ ማንም አይሰማም፤ ምዕመናን ግን በዚያች ቁራጭ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ይሄ በጣም ያመኛል።

ለድምፅ ደግሞ ተጨነቁ። ልጅ ሳለሁ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነበር፣ በ1955 ጀምሮ በ1969 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጠው ነበር፣ ምንም ምስል ሳይኖረው። ከበሮና ጽናጽል አጠገብ የተተከለ ማይክ ቃሉን ይውጠዋል። ተቀባዩ ጋ አስጠጉት።

ፕሮግራም ስታወጡ ደግሞ ቤት የቀረው ማን እንደሆነ አስቡ። በፍልሰታ ጾም 15 ቀን መራመድ የቻለ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ውሎው እዚያው ነው። ቴሌቪዥን ፊት ያለው አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ነው፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ያላት እናት ናት፣ አራስ ናት። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ለነዚህ ሰዎች የናንተ ስክሪን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይድረሳቸው። የዕለቱን ስንክሳር፣ የቅዱሳኑን ታሪክ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡላቸው፣ ሰዓቱን አትቀያይሩባቸው። በጸሎት መካከል የባንክ ሂሳብ ቁጥር አታሳልፉ። ርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ግን ራሱን የቻለ ጊዜ ይሰጠው፤ የሚያለቅስ ሰው ፊት ላይ የባንክ ቁጥር መለጠፍን ግን እባካችሁ ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የኔ ካሴት ሌላ ዝግጅት ተቀረጸበት። የተቆረጡት ሁለት ቤቶች አብረው ጠፉ፣ ቅኔውን የዘረፈው ተማሪ ማን እንደሆነም አልመዘገብኩም። ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል፣ አሁን የት ደርሶ ይሆን እላለሁ። እናንተ ሐርድ ዲስክ አላችሁ። ያልተቆረጠውን ሙሉውን አስቀምጡ፤ የዘራፊውን ስም፣ የደብሩን ስም፣ ቀኑን ጻፉበት።